ኦራል ሜዲስን መማር ለሚፈልግ ጥርስ ሐኪም፦ ወዴት ይሄዳል፣ ከማን ሥር ሆኖ ይሠለጥናል?

የአራት ኪሎ ጥርስ ሐኪም (ክሩን የከፈተችው)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ። በአራት ኪሎ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ በጠቅላላ ጥርስ ሐኪምነት የማገለግል ነኝ፤ ወደ ስፔሻሊቲ ትምህርት ለመግባት ወስኜ መንገዱን እየመረመርሁ ስለሆነ ምክራችሁን ፈልጌ ነው ይህን የምጽፈው። በአገራችን አንድ ጥርስ ሐኪም ስፔሻላይዝ ላደርግ ነው ሲል ሰሚው ሁሉ የሚገምተው የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናን ነው። እኔን የሚስበኝ ግን በሌሎች አገሮች ኦራል ሜዲስን የሚባለው ዘርፍ ነው፤ ማለትም የአፍ ውስጥ ስስ ሽፋን ሕመሞችን፣ የምራቅ እጢ ችግሮችን፣ ከጥርስ ያልመነጨ የፊት ሕመምን፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምን መርምሮ ያለ ቀዶ ማከም፣ እንዲሁም ልቡ፣ ኩላሊቱ ወይም ደሙ የታመመ ሰው ጥርሱን በደኅና እንዲታከም ማድረግ ነው።

ወደ ክሊኒካችን የሚመጣው ሰው አብዛኛው ጥርሱን ታሞ ነው። ይሁን እንጂ ጥርሱ ደኅና ሆኖ ምላሱ የሚቃጠልበት፣ ጉንጩ ውስጥ ነጭ ሽፋን ያወጣበት፣ ወራት ያስቆጠረ ቁስል ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞር ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ጥርስ ሐኪሙ ወደ ቆዳ ሐኪም፣ ቆዳ ሐኪሙ ወደ አንገት በላይ ሐኪም፣ አንገት በላይ ሐኪሙ መልሶ ወደ ጥርስ ሐኪም ሲልከው፣ በየመካከሉ መጉመጥመጫና አንቲባዮቲክ እየታዘዘለት ጊዜው ያልፋል። ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ ግን የፊት ነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሕመሙ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ለጥቂት ሴኮንዶች መጥቶ ስለሚሄድ የጥርስ ሕመም ይመስላቸውና ደኅና ጥርሳቸውን ተራ በተራ አስነቅለው ይመጣሉ፤ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን እንጂ ጉጠት አልነበረም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በሕንድ የሚሰጠው የማስተርስ ሥልጠና ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን ኦራል ሜዲስንን ከራዲዮሎጂ ጋር አጣምሮ ያስተምራል። በአሜሪካ ዘርፉ ራሱን የቻለ የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ የዘርፉ አካዳሚ ግን ከ1945 ጀምሮ ነበረ፤ ሥልጠናውም ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ከእነዚህ አንዱን ብከተል ይሻላል ወይስ እዚሁ በቀዶ ሕክምና ሠልጥኜ ቆይቼ ወደዚህ ባዘነብል? ሥልጠና የሚባለውስ ዋና ፍሬው የት ነው፣ በክፍል ትምህርቱ፣ በታካሚው ብዛት ወይስ በሌላ?

ባለ ፓኖራማ

እንኳን ይህን ጥያቄ አነሣሽው። እኔ የሦስት ዓመቱን ሥልጠና ሕንድ አገር ጨርሼ የተመለስሁ ስለሆንሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የዲግሪው ስም ኦራል ሜዲስንና ራዲዮሎጂ መሆኑን በቁም ነገር ያዢው። የሥልጠናው ትልቅ ክፍል የምስል ንባብ ነው። ፓኖራማ (መንጋጋውን በሙሉ በአንድ ፊልም የሚያሳይ ራጅ)፣ የመንጋጋ ሲቲ፣ የምራቅ እጢ ምስል ማንበብን በሚገባ ትማሪያለሽ፤ ይህ ዕውቀት አዲስ አበባ ስትመለሺ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል፤ ምክንያቱም የመንጋጋ ሲቲ ማሽን የገዙ የግል ማዕከላት ምስሉን በሚገባ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል እኔ በተማርሁበት ኮሌጅ የእኛ ክፍል የታካሚው ሁሉ መግቢያ በር ነበር። ጥርሱ የተቦረቦረውም፣ ድዱ የደማውም፣ ጥርስ ማስተካከል የፈለገውም መጀመሪያ በእኛ ተመርምሮ ነው ወደየክፍሉ የሚመደበው። እጅሽ ይፈታል፣ ዓይንሽም ይለምዳል፤ ነገር ግን ከጠዋቱ ሰዓት ብዙው የሚያልፈው በተራ ጥርስ ምርመራ ነው።

ሁለተኛው ነገር የበሽታው ዓይነት ነው። እዚያ በብዛት ያየሁት በአሬካ ፍሬና በጉትካ (ከትምባሆ ጋር በተቀመመ አሬካ) ማኘክ የሚመጣውን የጉንጭ መጠንከር ነው፤ ሰውየው ቀስ በቀስ አፉን መክፈት ይሳነዋል፤ ወደ ካንሰርም ሊለወጥ ይችላል። በአዲስ አበባ አሬካ የሚያኝክ ሰው አይመጣብሽም፤ የሚመጣው ጫት የሚቅም ነው። በሚቅምበት በኩል ባለው ጉንጭ ላይ የሚታየውን ነጭ ሽፋን፣ የአፍ መድረቁን፣ የድድ መሸሹን ለማንበብ ከሕንድ የመጣው መጽሐፍ ብዙም አይረዳም። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጥናት ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ርእስሽን ከመጀመሪያው ዓመት አስቢበት። ስትመለሺ ደግሞ ዲግሪሽ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምታ ማግኘት አለበትና ከመሄድሽ በፊት የኮሌጁን ዕውቅና አጣሪ።

የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም

እህቴ፣ ጥያቄሽ የሚከበር ነው፤ ምክሬ ግን ከወንድማችን ምክር ይለያል። አገራችን ውስጥ ለጥርስ ሐኪም ስፔሻሊስት የተመደበው የሥራ መደብ ጥቂት ነው። ሦስት ዓመት ውጭ ተቀምጠሽ የምታመጪው ዕውቀት የሚያርፍበት ክፍል፣ ታካሚ የሚተኛበት አልጋ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት መደብ መኖሩን ሳታረጋግጪ አትሂጂ። በቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ሰው ናሙናም ይወስዳል፣ ዕጢም ያወጣል፣ የተሰበረ መንጋጋም ይጠግናል። የአፍ ቁስል የሚያክም፣ ቁስሉ ካንሰር ሆኖ ሲገኝ ግን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ስፔሻሊስት ከማፍራታችን በፊት ሁለቱንም የሚችል ሰው ብናፈራ ለድኻ አገር ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ጤና ሚኒስቴር በሚያካሂደው የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና ተወዳድረሽ እዚሁ ብትገቢ ቤተሰብሽ አጠገብ ሆነሽ፣ ደመወዝሽ ሳይቋረጥ ትማሪያለሽ። የአፍ ሕመሞችን ፍላጎትሽን ከዚያ በኋላ ማዳበር ትችያለሽ።

ቆዳ ሐኪም ከልደታ

የተከበሩ ዶክተር፣ ክሩን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም፤ ምክንያቱም እናንተ የምትናገሩላቸው ታካሚዎች ግማሾቹ እኔ ጋ ነው የሚመጡት፤ ሲመጡም ዘግይተው ነው።

ፔምፊገስን፣ ማለትም ቆዳና አፍ ላይ ፊኛ የሚያወጣውን በሽታ፣ እንውሰድ። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ታማሚዎች ላይ ይህ በሽታ የሚጀምረው ቆዳ ላይ ሳይሆን አፍ ውስጥ ነው። ፊኛው ቶሎ ስለሚፈነዳ ሐኪሙ የሚያየው የተላጠና የሚያቃጥል ቁስል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የድድ ኢንፌክሽን ወይም የፈንገስ ቁስል ይባልና መድኃኒት ይለዋወጥበታል፤ ታካሚው እህል መዋጥ እያቃተው ይከሳል። ኮርቲኮስቴሮይድ ከመገኘቱ በፊት ይህ በሽታ አብዛኞቹን ታማሚዎች ይገድል ነበር። ዛሬ በፕሬድኒሶሎንና ከእርሱ ጋር በሚሰጡ በሽታ የመከላከል አቅምን በሚያረግቡ መድኃኒቶች መቆጣጠር ይቻላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ሊታወቅ ይገባል። የሚያውቀውም ናሙና የወሰደ ሰው ነው።

ናሙና አወሳሰዱ ራሱ ሥልጠና ይጠይቃል። ቁስሉ መሐል ላይ የተወሰደ ናሙና ሽፋኑ ስለተላጠ በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ሐኪም፣ ለፓቶሎጂስቱ፣ ምንም አይነግረውም፤ ከቁስሉ ጠርዝ አጠገብ ደኅና ከሚመስለው ቦታ ነው መወሰድ ያለበት። ሁለተኛ ናሙና ደግሞ ለኢሚውኖፍሎረሰንስ፣ ማለትም በሚያበራ ቀለም ፀረ እንግዳ አካላትን ለሚያሳየው ምርመራ፣ ያስፈልጋል፤ እርሱ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ፈጽሞ አያገለግልም፤ የሚሼል ፈሳሽ በሚባለው ውስጥ፣ እርሱ ካልተገኘ በጨው ውኃ ተነክሮ በፍጥነት መድረስ አለበት። ሁለቱም ናሙናዎች በአንድ ፎርማሊን ብልቃጥ ተጨምረው ወደ እኔ ሲመጡ አይቻለሁ። ያ ታካሚ ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። እንግዲህ ዶክተር፣ የሥልጠናው ፍሬ የት ነው ብለው ለጠየቁት ከእኔ ወገን የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ጠዋት ናሙናውን የወሰደው ሠልጣኝ ከቀናት በኋላ ከፓቶሎጂስቱ ጎን ተቀምጦ በማይክሮስኮፕ የሚያይበት ቦታ ከሆነ፣ እዚያ ሥልጠና አለ። ወረቀቱ ብቻ የሚመለስበት ቦታ ከሆነ ግን የታካሚው ብዛት ብቻውን ሐኪም አያደርግም።

ሌላም ልጨምር። ቁንጭርን የውጭ የአፍ ሕመም መጻሕፍት እምብዛም አያነሡትም፤ ቢያነሡትም የላቲን አሜሪካውን ነው። የእኛው በሌይሽማንያ ኤትዮፒካ የሚመጣ ሲሆን የደጋው ሽኮኮ የጥገኛው ማደሪያ ነው፤ አሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች። ከደጋ የመጣ ልጅ ከንፈሩ አብጦ፣ ገርጥቶና ጠንክሮ ሲታይ ጥርስ ሐኪሙ ከበሰበሰ ጥርስ የመጣ እብጠት መስሎት ጥርስ ይነቅላል፤ ሌላው አለርጂ ይለዋል። አፍንጫንና የአፍን ስስ ሽፋን የሚያጠቃው ዓይነት ካልታከመ ፊትን ያበላሻል። አዲስ አበባ ውስጥ በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል እነዚህ ታካሚዎች ይታያሉ። የኦራል ሜዲስን ሠልጣኝ ሦስት ወር እንኳ እዚያ ቢቀመጥ በየትኛውም አገር ኮሌጅ የማያገኘውን ያያል።

የቀለም ጉዳይም አለ። በጥቁር ሕዝብ ድድ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ቀለም ተፈጥሮ ነው፤ ሰሜኑ ላይ ደግሞ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ሠልጣኙ ለነጭ ሕዝብ በተጻፈ መጽሐፍ ብቻ ካደገ ንቅሳቱንም፣ ከብር ሙሌት የሚቀረውን ጥቁር ነጥብም፣ የአድሬናል እጢ ድካም የሚያመጣውን ቀለምም፣ ሜላኖማ የተባለውን ካንሰርም መለየት ያቅተዋል። ልዩነቱን የሚያስተምረው ብዙ ጥቁር ድድ ማየት ነው።

ሜክሲኮ ክሊኒክ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትምህርት ሆኖኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ከጠቅላላ ጥርስ ሐኪም ወገን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ሁሉ ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ይቀባል፤ በብዛት ቁስሉ በራሱ ስለሚድን ጉዳት የለውም። አልማዝ ባለጭራ ግን ፊት ላይ ሲወጣ ከሽፍታው ቀድሞ የጥርስ ሕመም የሚመስል ሕመም ይመጣል፤ ዓይን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ለዓይን ያሰጋል፤ ፀረ ቫይረሱ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው በሚገባ የሚረዳው። እኛ ተራ ጥርስ ሐኪሞች ይህን የምንማርበት አጭር ኮርስ ቢኖር ከስፔሻሊስቱ በፊት ታካሚው ይጠቀማል። ዶክተር፣ ስፔሻሊስት ሆነሽ ስትመለሺ እኛን ማስተማር የሥራሽ ክፍል እንዲሆን አደራ።

የአራት ኪሎ ጥርስ ሐኪም

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቆዳ ሐኪሙ ስለ ናሙና የጻፉት እኔ ሥልጠናን የማስብበትን መንገድ ለውጦታል፤ እስካሁን የማነጻጽረው የዓመቱን ርዝመትና የክፍያውን መጠን ነበር። የቀዶ ሐኪሙ ስለ ሥራ መደብ ያነሡት ተገቢ ስጋት ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ይችላል በሚለው ላይ ጥያቄ አለኝ። የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ሌሊቱን በአደጋ ታካሚ፣ ቀኑን በቀዶ ክፍል የሚያሳልፍ ሰው ነው። ላይከን ፕላነስ (ጉንጭ ውስጥ ነጭ መስመርና ቁስል የሚያወጣ ሥር የሰደደ በሽታ) ያለባትን ሴት በየስድስት ወሩ እየጠራ ለዓመታት የሚከታተልበት ጊዜ ከየት ያመጣል? በሽታው ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከመቶ አንድ ያህል በሆኑ ሰዎች ላይ ነውና የሚፈለገው ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ትዕግሥት ያለው ክትትል ነው።

ሌላው ያልተነሣው ክፍል የልብ ታካሚዎች ጉዳይ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን የወጣቶች በሽታ ነው፤ እነዚህ ልጆች ጥርስ ሲነቀሉ አንቲባዮቲክ ይስጣቸው ወይስ አይስጣቸው በሚለው ላይ የምናነባቸው መመሪያዎች እርስ በርስ አይስማሙም። ከውስጥ ደዌ ወገን የሆነ ሰው ካለ ቢያስረዳን።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ጥሩ ነጥብ ነው ያነሣሽው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣውና በ2021 ባጸናው ምክር መሠረት ቅድመ መከላከያ አንቲባዮቲክ (ከአፍ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ልብን እንዳያጠቃ) የሚሰጠው አርቴፊሻል ቫልቭ ላላቸው፣ ከዚህ በፊት የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ለያዛቸው፣ ለተወሰኑ የተፈጥሮ የልብ ሕመሞችና የልብ ንቅለ ተከላ አድርገው ቫልቫቸው ለተጎዳ ሰዎች ነው። የሩማቲክ ቫልቭ ብቻውን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ይበልጥ ይቆጥባል። አውስትራሊያ ግን የሩማቲክ ሕመም የበዛበት የነባር ሕዝብ ስላላት የሩማቲክ ቫልቭ ያለበትን ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ብላ ትቆጥራለች። መመሪያ ከታካሚው ሕዝብ ነው የሚወጣው፤ ሎንዶን ውስጥ እምብዛም የማይታየው በሽታ በእኛ ዋርድ ውስጥ በየቀኑ ተኝቶ ይገኛል። የእኔ ምርጫ የአውስትራሊያውን አስተሳሰብ መከተል ነው።

መጽሐፉ ላይ ያለው መድኃኒት ከሥራው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ የሚዋጥ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የእኛው ችግር ይመጣል። የሩማቲክ ታካሚዎቻችን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ። የዘወትር ፔኒሲሊን የሚወስድ ሰው አፍ ውስጥ ያሉት ስትሬፕቶኮካይ የተባሉ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ሊለምዱ ስለሚችሉ ለቅድመ መከላከያ ከሌላ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት መምረጥ ይገባል፤ ያም ቢሆን ክሊንዳማይሲን በ2021ዱ ምክር ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ አዚትሮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይቀራል። ይህን ሰንሰለት በራሱ ሊያስብ የሚችል ጥርስ ሐኪም ስልክ ደውሎልኝ ሲያማክረኝ ሥራዬ ይቀላል፤ አንቲባዮቲክ ልስጠው ወይ ብሎ ብቻ የሚጠይቀኝ ግን ኃላፊነቱን ወደ እኔ ማዛወሩ ነው።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካው ቁጥር) ከ4 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ በተነቀለበት ቦታ ላይ በስፌትና ደም በሚያቆም ነገር እየታገዘ ተራ ጥርስ ሊነቀል ይችላል። ለአንድ ጥርስ ብሎ ዋርፋሪን ያቋረጠ አርቴፊሻል ቫልቭ ያለው ሰው የደም መርጋት ቢደርስበት ጉዳቱ ከጥርሱ ጋር አይመጣጠንም። ከዚያም በላይ ማይኮናዞል የተባለው የአፍ ፈንገስ ጄል አፍ ላይ የሚቀባ ብቻ ይምሰል እንጂ ከዋርፋሪን ጋር ተዳምሮ ከባድ መድማት ያመጣል፤ ሜትሮኒዳዞልም እንዲሁ ያባብሳል። ስለዚህ ሥልጠናው ውስጥ የውስጥ ደዌ ዋርድ ቆይታ ካልተካተተ ኦራል ሜዲስን ብሎ ለመጥራት እቸገራለሁ። ሠልጣኙ ጠዋት ከእኛ ጋር ራውንድ ይዙር፣ የአንድ ታካሚ ሙሉ መዝገብ ይያዝ፣ የደም ምርመራ ውጤቱን ከአፉ ጋር ያገናኝ። ድዱ አብጦ የሚደማ ወጣት ሁሉ የድድ በሽተኛ አይደለም፤ ሉኪሚያ አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታየው በዚያ ነው። ምላሱ ለስልሶ የቀላ ሰው ቢ 12 ጎድሎት ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው አምሎዲፒን ድድን እንደሚያሳድግም ጥርስ ሐኪሙ ካላስተዋለው ሌላ ማንም አያስተውለውም።

የጨረር ክፍል ነርስ

ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ለረጅም ዓመታት በአንገትና በራስ ካንሰር ታካሚዎች አጠገብ ስለሠራሁ ፈቃዳችሁ ከሆነ ልጨምር። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ስለነበረ ታካሚው ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣል፤ ወረፋው ሲደርሰው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ማሳለፍ አይፈልግም። አፉ ውስጥ የበሰበሰ ጥርስ ካለ ከጨረሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ተነቅሎ ቁስሉ መዳን ይኖርበታል። ከጨረር በኋላ የተነቀለ ጥርስ ግን አጥንቱ ስለማያገግም መንጋጋው ሊሞት ይችላል፤ ይህ አደጋ ዓመታት ቢያልፉም አይጠፋም። ምራቁ ይደርቃል፣ ጥርሱ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ አፉ በሙሉ ስለሚቆስል ውኃ እንኳ ይፈራል። ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር ያለባቸው ደግሞ አጥንት የሚያጠነክረውን ዞሌድሮኒክ አሲድ ይወስዳሉ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እንደታወቀው የመንጋጋ አጥንት መሞትን ያመጣል።

እኛ የምንፈልገው ታካሚው ወረፋ በተያዘለት ቀን ወዲያው አፉን የሚያይለት፣ ጥርሱን የሚወስንለት፣ በሕክምናው ሳምንታት ሁሉ አብሮት የሚቆይ ሐኪም ነው። ቀዶ ሐኪሞቻችን ሥራ ስለሚበዛባቸው ለዚህ ጊዜ የላቸውም፤ ይህን የምለው ወቀሳ ለማቅረብ አይደለም።

የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም

እህቴ ነርሷ የተናገሩት እውነት ነው፤ ጊዜ የለንም። የውስጥ ደዌ ሐኪሙም የጻፉት አሳምኖኛል። እኔም ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ላክል። ኖማ የተባለውን የሕፃናት ፊት የሚበላ በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኔ የማገኛቸው ፊታቸው ከተበላ በኋላ ያደጉትን ሰዎች ነው፤ ጉንጭ ለመሥራት፣ የተቆለፈ መንጋጋ ለመክፈት ተደጋጋሚ ቀዶ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ የቀድሞው ፊት አይመለስም። በሽታው የሚጀምረው ግን በምግብ እጥረት በተጎዳ፣ ምናልባትም ኩፍኝ ታሞ በተነሣ ሕፃን ድድ ላይ በምትታይ ቁስል ነው፤ በዚያ ጊዜ በተራ አንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጽዳትና ልጁን በመመገብ ይቆማል። ያንን የመጀመሪያ ቁስል ለይቶ የሚያውቅና ለጤና ኬላ ሠራተኛው የሚያስተምር ሰው ቢኖር የእኔ ቀዶ ክፍል ባላስፈለገም ነበር።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ተማሪ የሚለውን ምክሬን አላነሣም፤ ለብዙዎቹ አሁንም ትክክለኛው መንገድ እርሱ ነው። ለአንቺ ግን ልብሽ ወዳለበት ሂጂ እላለሁ። የሥራ መደቡን ነገር አትተዪው። ከመሄድሽ በፊት ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግረሽ፣ ስፖንሰር ሆነውሽ፣ ስትመለሺ የምትመደቢበትን ክፍል በጽሑፍ ያዢ።

ባለ ፓኖራማ

ከላይ የተባለውን ከራሴ ልምድ ጋር ሳስተያየው ማመልከቻ ከመላክሽ በፊት ለየኮሌጁ ልትጽፊላቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ሆነውልኛል። ሠልጣኙ በሕክምና ኮሌጁ ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ ታካሚ ያያል ወይስ ከጥርስ ኮሌጁ ሕንፃ አይወጣም? ብዙ የጥርስ ኮሌጆች የራሳቸው ሆስፒታል ስለሌላቸው ይህ የመጀመሪያው ወንፊት ነው። ፓቶሎጂው በዚያው ግቢ ነው? ኢሚውኖፍሎረሰንስ ይሠራሉ? በቆዳ፣ በነርቭና በካንሰር ክፍሎች ስንት ወር ትቀመጫለሽ? የፊት ሕመም ክሊኒክ አላቸው? መልሱን ከመምህራኑ ብቻ አትቀበዪ፤ በመጨረሻ ዓመት ላይ ካለ ሠልጣኝ ጠይቂ። የሚመልስልሽ ሠልጣኝ በወሩ ውስጥ የወሰደውን ናሙና በቀላሉ ሊቆጥርልሽ ካልቻለ ሌላ ኮሌጅ ተመልከቺ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችን። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ከቦታቸው የተነሡ ክሊኒኮች አሉ፤ ታካሚው የቀድሞ ሐኪሙን ማግኘት ሲያቅተው የፓቶሎጂ ውጤቱም አብሮ ይጠፋል። የአፍ ሕመም የዓመታት ክትትል ስለሆነ የውጤቱን ቅጂና የቁስሉን ፎቶግራፍ ለታካሚው በእጁ የመስጠት ልማድ እንጀምር።

የአራት ኪሎ ጥርስ ሐኪም

የወሰንሁትን ላሳውቃችሁ። ሕክምና ኮሌጅና ጥርስ ኮሌጅ በአንድ ግቢ ወዳሉባቸው ተቋማት ብቻ አመለክታለሁ፤ የስፖንሰሩንም ጉዳይ ከዚህ ጎን ለጎን እጀምራለሁ። እስከዚያው ድረስ ሥራዬን ሳልተው በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን በበጎ ፈቃድ እየተገኘሁ ብመለከት የሚፈቅድልኝ ክፍል ካለ ከየትኛው ብጀምር ይሻላል? በክሊኒኬ ናሙና መውሰድ እንድጀምርስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቆዳ ሐኪም ከልደታ

ከቆዳ ተመላላሽ ክፍል ይጀምሩ፤ የአፍ ቁስል ከቆዳ ቁስል ጋር ጎን ለጎን የሚታየው እዚያ ስለሆነ ነው። ከእኛ ክፍል ኃላፊ ጋር አነጋግርዎታለሁ፤ የሙያ ፈቃድዎን ቅጂና ከክሊኒክዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ።

በክሊኒክዎ ስለሚወስዱት ናሙና፦ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልዳነ ማንኛውም ቁስል መንስኤ የመሰለው የተሰበረ ጥርስ ከተስተካከለ በኋላም ካልተሻለው ናሙና ይፈልጋል፤ ከነጭ ሽፋን ይልቅ ቀይ የሆነው የበለጠ ያስፈራል። በመጀመሪያ ከአንድ ፓቶሎጂስት ጋር ይተዋወቁ፤ የሚፈልገውን የናሙና መጠን፣ የፎርማሊኑን ብዛትና የመጠየቂያ ቅጹን ከእርሱ ይቀበሉ። በቅጹ ላይ አፍ ቁስል ብለው ብቻ አይጻፉ፤ ቦታውን፣ ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ታካሚው ጫት፣ ሲጋራ ወይም አልኮል ይጠቀም እንደሆነ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና የእርስዎን ግምት ያስፍሩ። ለካንሰር የሚያሰጋውን ግን በክሊኒክ አይቁረጡት፤ ለቀዶ ሐኪሙ ሙሉውን ሳይነካ ይላኩለት፤ ጠርዙን አስቀድሞ ማየት ይፈልጋልና።

የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም

በመጨረሻው ላይ እስማማለሁ። እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣብሽ ከደብዳቤው ጋር ስልክ ደውዪልኝ፤ ወረፋ ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት እንዲታይ አደርጋለሁ።